ፕላስተሩን አልለጥፍም ላለች ልጅ ጌም ይረዳል?

ልጄ 7 ዓመቷ ነው። ግራ ዓይኗ ደካማ ነው። ሐኪሟ አምብሊዮፒያ ነው አለችን፤ አንጎል ከአንዱ ዓይን የሚመጣውን ምስል ችላ ሲለው የሚፈጠር ችግር ነው። መነጽር ታዘዘላት። ደህናውን ዓይኗን ደግሞ በቀን 2 ሰዓት በፕላስተር እንድንሸፍን ተነገረን።

መነጽሩን ለምዳዋለች። ፕላስተሩ ግን አልሆነም። 3 ወር ሙሉ ታገልን። ትናንት ማታ ትራሷ ሥር ደብቃው አገኘሁት፤ ሁለት የቅንድብ ፀጉር ተጣብቆበታል። አንጀቴን በላችው።

ታብሌት ላይ ጌም ስትጫወት ብቻ ፕላስተሩን ትረሳዋለች። ስለዚህ ማንበብ ጀመርኩ። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ አክሽን ጌም የተጫወቱ አዋቂዎች በግራጫ ቀለሞች መካከል ያለን ትንሽ ልዩነት የመለየት አቅማቸው ጨምሯል ይላል። እነሱ ግን ጤነኛ ዓይን ያላቸው ናቸው። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለዚሁ ችግር የተሠራ የአይፓድ ጌም በልጆች ላይ ተሞክሮ ፕላስተሩን አልበለጠም። ስለዚህ ፕላስተሩን አልተውም።

ልጁን በዚህ ያሳለፈ ወላጅ ወይም የዓይን ባለሙያ ካላችሁ፦ ፕላስተሩን ለጥፋ ጌም ብትጫወት ደካማው ዓይኗ በደንብ ይሠራል ወይስ ስክሪን ላይ የምታጠፋውን ጊዜ ብቻ ነው የምጨምርባት?