ለ150 ሳንቲ ሜትር የዓሣ ገንዳ የብረት መቆሚያ፦ የመሐል እግር የግድ ያስፈልጋል?

ጥያቄ (አዲሱ ዓሣ አርቢ)

ጤና ይስጥልኝ። ርዝመቱ 150፣ ወርዱ 50፣ ከፍታው 60 ሳንቲ ሜትር የሆነና ከ12 ሚሊ ሜትር መስታወት የሚሠራ የዓሣ ገንዳ ለሳሎን አዝዣለሁ። መቆሚያውን የብረቱ ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ 40 በ40 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ሰፈራችን ባለው ብየዳ ቤት ላሠራ አስቤአለሁ። የውኃ ማጣሪያውን ሣጥን ከሥር አስገብቼ ለማጽዳት እንዲመቸኝ አራት እግር ብቻ ኖሮት ፊት ለፊቱ ሙሉ በሙሉ ክፍት ቢሆን እመርጣለሁ። በያጁ «አምስት ሰው ቢወጣበት ምንም አይሆንም» ይለኛል። የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ በመሆኑ የወለሉም ነገር ያሳስበኛል። የምታውቁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

መልስ (ብረት ሠራተኛው)

በያጁ የነገረዎት እውነት ነው፤ ብረቱ አይሰበርም። ሊያሳስብዎት የሚገባው መለመጡ ነው። ውኃው፣ መስታወቱ፣ ጠጠሩና ድንጋዩ ሲደመሩ ክብደቱ ወደ 600 ኪሎ ይጠጋልና ከሁለቱ ረጃጅም አግዳሚዎች እያንዳንዱ 300 ኪሎ ያህል ይሸከማል ማለት ነው። እርስዎ ያሰቡት ቱቦላሬ በሁለት ጫፉ ብቻ ተይዞ 150 ሳንቲ ሜትር ሲዘረጋ በዚህ ጭነት መሐሉ ላይ እስከ 9 ሚሊ ሜትር ሊወርድ ይችላል፤ የማዕዘኖቹ ብየዳ ይህን ቢቀንሰውም በቂ አይሆንም። መስታወት ደግሞ እንደ ብረት ስለማይለመጥ፣ አግዳሚው ከሥሩ ሲሸሽ ክብደቱ በሙሉ ወደ ጫፎቹ ይሄድና የታችኛው መስታወትና ሲሊኮኑ ይጨነቃሉ። ዛሬ ያልፈሰሰ ገንዳ ከወራት በኋላ ሌሊት ላይ የሚሰነጠቀው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ከፊትም ከኋላም አንድ አንድ የመሐል እግር ቢጨመር መለመጡ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ይሆናል፤ የአግዳሚው ርዝመት በግማሽ ሲቀንስ መለመጡ ወደ አሥራ ስድስተኛ እጅ ይወርዳልና። ፊት ለፊቱ የግድ ክፍት ይሁን ካሉ ግን ሁለቱንም ረጃጅም አግዳሚዎች ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር በሆነ 80 በ40 ቱቦላሬ ያሠሩ፤ 80ው በቁመት መቆም አለበት። ያኔ መለመጡ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙ አያልፍም። ያው ብረት ተጋድሞ ቢበየድ ይህን ጥቅም አብዛኛውን ያጣዋል። አግዳሚውም በእግሮቹ አናት ላይ ይረፍ እንጂ በጎናቸው አይለጠፍ፤ በጎን ከተለጠፈ ሸክሙን ሁሉ የሚይዘው ብየዳው ብቻ ይሆናል።

መልስ (የግንባታ ባለሙያ)

ስለ ወለሉ ልጨምር። የመኖሪያ ቤት ወለል በተለምዶ የሚነደፈው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ያህል እንዲሸከም ሲሆን፣ የእርስዎ ገንዳ ግን ካሬ ሜትር በማይሞላ ቦታ ላይ 600 ኪሎ ያሳርፋል። ይህ ማለት ወለሉ ይደረመሳል ማለት አይደለም፤ ስሌቱ ክፍሉ በሙሉ ተጭኖ እንደሚውል አድርጎ የሚወስድ ነውና። ይሁን እንጂ ገንዳውን በክፍሉ መሐል ፈጽሞ አያቁሙት። ብዙዎቹ ኮንዶሚኒየሞች ወለላቸው በተገጣጣሚ ቢሞች (ወለሉን በሚሸከሙ የኮንክሪት አግዳሚዎች) እና በመሐላቸው በተደረደረ ብሎኬት የተሠራ ስለሆነ፣ የገንዳው ርዝመት ቢሞቹን አቋርጦ ቢያርፍ ክብደቱን ብዙ ቢሞች ይካፈሉታል፤ ከአንድ ቢም ጋር ጎን ለጎን ከሆነ ግን ሸክሙ የአንዱ ብቻ ይሆናል። ዋናው ቢም በሚያልፍበት ግድግዳ ጥግ ይምረጡ፤ የሕንፃውን ፕላን የሚያነብ መሐንዲስ ቢያሳዩ ደግሞ እጅግ የተሻለ ነው። ከእግሮቹ ሥርም ዙሪያውን የሚዞር ፍሬም ይኑር፤ ያለዚያ እያንዳንዱ እግር ሴራሚኩን ለብቻው ይጫነዋል።

በጀርባው በኩል ሰያፍ ማጠናከሪያ እንዳይረሳ። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ባሉ ፎቆች ላይ በግልጽ ተሰምቶ ነበር፤ ሰያፍ የሌለው መቆሚያ ወደ ታች የፈለገውን ያህል ቢሸከም ወደ ጎን ሲወዘወዝ ደካማ ነው።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 80 በ40ውን መርጫለሁ፤ በጀርባውም ሰያፍ እንዲገባ ነግሬዋለሁ። መስታወት ሠሪው ገንዳው ከሥሩ የፕላስቲክ ፍሬም እንደሌለው ገልጾልኛል። ታዲያ በብረቱ ላይ በቀጥታ ላስቀምጠው ወይስ የሚነጠፍ ነገር ያስፈልገዋል?

መልስ (ዓሣ ወዳድ)

በቀጥታ አያስቀምጡት። በቅድሚያ የላይኛውን ፍሬም በእጅዎ እየዳሰሱ ይመርምሩ፤ በማዕዘኖቹ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታክል የብየዳ ጉብታ ብትቀር እንኳ መስታወቱን የምትሰነጥቀው እርሷ ናትና በግራይንደር እስክትጠፋ ትሞረድ። ከዚያ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ያንጥፉ፤ ቺፕውድ ግን ውኃ ሲነካው ያብጣል። በኮምፔርሳቶው ላይ ቴሌቪዥን ታሽጎ የሚመጣበትን ዓይነት ነጭ ጠጣር ፎም፣ 1 ሳንቲ ሜትር የሚሆነውን፣ ይደርቡ። ገንዳው የፕላስቲክ ፍሬም ቢኖረው ኖሮ ክብደቱ በጠርዙ ብቻ ስለሚያርፍ ፎሙ ባላስፈለገ ነበር።

ውኃ ልክ የሚያዩት ገንዳው ባዶውን ሳለ ነው። ወለሉ ካዘነበለ ሽብልቁ ከታችኛው ፍሬም ሥር ይገባል፤ በገንዳውና በመቆሚያው መካከል ምንም ነገር አይወተፍም። መጀመሪያ እስከ ግማሽ ሞልተው ያሳድሩትና በማግስቱ የውኃው ከፍታ በአራቱም ማዕዘን እኩል መሆኑን በሜትር ይለኩ፤ ልዩነት ካዩ ውኃውን ቀድተው ካወጡ በኋላ ያስተካክሉ እንጂ ውኃ እንደያዘ መቆሚያውን ለማንሳት አይሞክሩ።