የአንዱ ዘረመል ሥራ ነው ወይስ የጎረቤቱም?

በዘረመል ሙያ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ እባካችሁ እርዱኝ። ሐረር ሆኜ የማስተርስ ጽሑፌን እያዘጋጀሁ አንድ አንቀጽ ላይ ከቆምኩ ሁለት ሳምንት አለፈኝ። በ2013 እ.ኤ.አ. በትንኝ የሚተላለፈው የደንጊ ትኩሳት ድሬዳዋን ሲመታ በአንድ ቤት አንዱ ሲወድቅ ሌላው ሲተርፍ አይቻለሁ፤ ለምን የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም።

የቫይረስ ተመራማሪው ሊንደንማን በ1962 እ.ኤ.አ. ኤ2ጂ የተባሉ የቤተ ሙከራ አይጦች ሌሎችን የሚገድለውን ኢንፍሉዌንዛ እንደሚቋቋሙ ጽፏል። ምስጢሩ በ16ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለው ኤምኤክስ1 የተባለው ዘረመል ነው፤ ሰውነት ቫይረስ ሲገባበት የሚያመነጨው ኢንተርፌሮን ሲቀሰቅሰው ቫይረሱ እንዳይባዛ ያግዳል። በብዙዎቹ የቤተ ሙከራ አይጦች፣ ብላክ 6 በተባለው የአይጥ ዝርያ ጭምር፣ ይህ ዘረመል የተበላሸ ነው። ያው ብላክ 6 ግን ሳይቶሜጋሎቫይረስ የተባለውን ሌላ የአይጥ ቫይረስ ባልብ ሲ ከተባለው ዝርያ በተሻለ ይቋቋማል! ስለዚህ በጽሑፌ ብላክ 6ን «ደካማ ዝርያ» ያልኩትን ሰርዤዋለሁ።

የተቸገርኩት እዚህ ላይ ነው። ጤናማውን ኤምኤክስ1 ወደ ብላክ 6 ለማስገባት ኤ2ጂንና ብላክ 6ን አዳቅለው፣ ልጆቹን ለብዙ ትውልድ መልሰው ከብላክ 6 ጋር ያዳቅላሉ። ያም ሆኖ ከዘረመሉ አጠገብ ያለው የክሮሞዞም ቁራጭ ከነሌሎች ዘረመሎቹ አብሮ ይሻገራል። ታዲያ መቋቋሙ የኤምኤክስ1 እንጂ የጎረቤቱ አለመሆኑ በምን ይረጋገጣል? ዘረመሉን ብቻውን በመክተት ወይስ ከተቋቋሚው አይጥ በማጥፋት? የትኛውን ማስረጃ ላስቀድም?