ሄሊዮስ 44-2 እና ካኖን ኤፍዲ 50 ሚ.ሜ በዲጂታል ካሜራ ላይ፦ ሩቁ ለምን አይጠራም?

ሰንሰል፦
ጤና ይስጥልኝ። ሁለት አሮጌ ሌንሶች አሉኝ። አንዱ ከዜኒት-ኢ ጋር የነበረ ሄሊዮስ 44-2 (58 ሚ.ሜ፣ ኤፍ/2፣ በጥርስ የሚጠመዘዝ ኤም42)፣ ሌላው ካኖን ኤፍዲ 50 ሚ.ሜ ኤፍ/1.4 ነው። ካሜራዎቹ ካኖን 700ዲ እና ሶኒ ኤ7 ሁለት ናቸው። ኤፍዲው መስታወት በሌለው አዳፕተር (ሌንስን ከሌላ ዓይነት ካሜራ ጋር በሚያገናኝ ቀለበት) 700ዲ ላይ ሲገጠም ከአንድ ሜትር ገደማ በላይ ያለ ነገር አይጠራም። ሄሊዮሱ ደግሞ ሶኒው ስክሪን ላይ ቅርቡን አሳምሮ ያሳያል፤ ተራራ ወይም የሩቅ ሕንፃ ላይ ግን የፎከስ ቀለበቱ እስከ መጨረሻው ዞሮም ይደበዝዛል። ችግሩ የሌንሶቹ ነው የአዳፕተሮቹ? ሶኒው ደግሞ ቁልፉን ስጫነው ጭራሽ ፎቶ አላነሳም ይላል። ምን ላስተካክል?

የብርሃን ልክ፦
ወንድሜ ሰንሰል፣ የሁለቱም ሌንሶች ችግር ምንጩ አንድ ነው። እያንዳንዱ ካሜራ ሌንሱ ከሚያርፍበት የብረት ፊት እስከ ሴንሰሩ (በድሮው እስከ ፊልሙ) የራሱ የተወሰነ ርቀት አለው። ሌንሱ ሩቁን የሚያጠራው በተሠራበት ርቀት ላይ ሲቆም ብቻ ነው። የኤም42 መግጠሚያ 45.46 ሚ.ሜ ነው፣ የኤፍዲ 42፣ የ700ዲህ መግጠሚያ ኢኤፍ 44፣ የሶኒው መግጠሚያ ኢ ደግሞ 18።

ከዚህ በኋላ ሥራው መቀነስ ነው። ሄሊዮስ 700ዲ ላይ 1.46 ሚ.ሜ ይተርፈዋል፤ ስስ ቀለበት ይበቃዋል። ሶኒው ላይ 27.46 ሚ.ሜ የሆነ አዳፕተር ይፈልጋል። ኤፍዲ ሶኒው ላይ 24 ሚ.ሜ ሰፊ ቦታ አለው፤ 700ዲ ላይ ግን ሂሳቡ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ሌንሱ 2 ሚ.ሜ ወደ ካሜራው ውስጥ ገብቶ መቆም ነበረበት፣ ይህ ደግሞ አይቻልም።

ሌንስ ከቦታው ወደ ፊት ሲርቅ እስከ የት እንደሚያጠራ በግምት ማስላት ትችላለህ፦ የፎካል ርዝመቱን (ሌንሱ ላይ የተጻፈውን ሚ.ሜ) በራሱ አባዛና ለትርፉ፣ ማለትም ሌንሱ ከልኩ ለራቀበት ሚ.ሜ፣ አካፍል። 50 በ50 ሲባዛ 2500፣ ለ2 ሲካፈል 1250 ሚ.ሜ። አዳፕተሩ ራሱ ውፍረት ስላለው ትርፉ ከ2 ይበልጣል፤ አንድ ሜትር ገደማ ያልከውም ከዚሁ የመጣ ነው። ሌንስህ ምንም አልሆነም። ኤፍዲውን ለሶኒው ተወው፣ ሄሊዮሱ ለሁለቱም ይሆናል።

አሮጌ መስታወት፦
በ«የብርሃን ልክ» ላይ ልጨምር። ለ700ዲ መስታወት ያለበት የኤፍዲ አዳፕተርም ይሸጣል፤ ሩቁንም ያመጣል። ያቺ ትንሽ መስታወት ግን የሌንሱን የፎካል ርዝመት ትጨምራለች፣ ብርሃን ትቀንሳለች፣ በኤፍ/1.4 ላይ ደግሞ ምስሉን ጭጋግ ታለብሰዋለች። ያን የመሰለ ሌንስ ይዞ በእሷ ማበላሸት ያሳዝናል፤ ገንዘብህን አታውጣባት።

ወደ ሄሊዮሱ ስንመጣ፣ ያንኑ ሂሳብ በጥቂቱ ተጠቀምበት። አዳፕተሩ 0.1 ሚ.ሜ ብቻ ከልኩ ቢወፍር፣ 58 በ58 (3364) ለ0.1 ሲካፈል 33.6 ሜትር ይመጣል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ሙሉ በሙሉ አይጠራም ማለት ነው። ሰፊ ሌንስ ላይ ይብሳል፦ በ28 ሚ.ሜ ያው 0.1 ወደ 8 ሜትር ያወርድሃል። ለዚህ ነው ብዙ አምራቾች አውቀው ትንሽ የሚያሳንሱት፤ ሲያንስ ሌንሱ ኢንፊኒቲን (የመጨረሻውን ሩቅ የፎከስ ነጥብ) አልፎ ይሄዳል እንጂ ሩቁ አይጠፋም። በቀለበቱ ላይ የተጻፉት የሜትር ቁጥሮች ግን ያኔ አይታመኑም።

ፈተናው እንዲህ ነው። ካሜራውን ትሪፖድ ላይ አድርግ፣ የሌንሱን የብርሃን መግቢያ (አፐርቸሩን) ኤፍ/2 ላይ ሙሉ በሙሉ ክፈት፣ ቢያንስ አንድ ኪሎ ሜትር የሚርቅ አንቴና ወይም የሌሊት ኮከብ ላይ አነጣጥርና ስክሪኑን በከፍተኛው ማጉሊያ እያየህ ቀለበቱን ቀስ ብለህ ወደ ኢንፊኒቲ አዙር። ከጠራ በኋላ ተመልሶ መደብዘዝ ከጀመረ አዳፕተሩ ስስ ነው፤ አያሳስብም። እየጠራ እየጠራ ሄዶ ሳይጨርስ ቀለበቱ ከቆመ ወፍሯል፣ ወይም ሌንሱ ድሮ ተፈትቶ ሲገጠም ተዛብቷል። ለመለየት ያንኑ ሌንስ 700ዲ ላይ በስስ ቀለበት ሞክረው። እዚያ ሩቁን ካጠራ ጥፋቱ የሶኒው አዳፕተር ነው።

ሰንሰል፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሞከርኩት፤ 700ዲ ላይ ተራራው ጠራ፣ ሶኒው ላይ እየጠራ ሄዶ ሳይጨርስ ቆመ። አዳፕተሩን በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ብሞርደውስ?

አሮጌ መስታወት፦
አትንካው! በእጅ ሲሞረድ አንዱ ጎን ከሌላው ያንሳል፤ ከዚያ የምስሉ ግራ ጠርቶ ቀኙ ይደበዝዛል። የሚሻለው መቀየር ነው። ስትገዛ ዲጂታል ካሊፐር ይዘህ ፊትና ኋላውን አራት ቦታ ላይ ለካ፤ 27.46 ወይም ከዚያ በትንሹ ያነሰ መሆን አለበት፣ አራቱም ቦታ ላይ እኩል።

ለመቀየር ካልተቻለ በሌንሱ በኩል መፍትሔ አለ። በ44-2 የፎከስ ቀለበት ዙሪያ ሦስት ጥቃቅን ብሎኖች አሉ። ሳታወጣቸው አላላቸው፣ የውስጡን ክፍል ሩቁ እስኪጠራ አዙር፣ ቀለበቱን የኢንፊኒቲ ምልክቱ ላይ መልሰህ ሦስቱንም በየተራ ጥቂት በጥቂት አጥብቅ። ልክ የሆነ ካቻቪቴ ከሌለህ ተወው፤ የብሎኖቹ ራስ ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይላጣል።

አዲሱ አዳፕተር ሲመጣ ወዲያው አትግጠመው። ጥርሱ ውስጥ የብረት ብናኝ ይቀራል፣ እሱም ሴንሰሩ ላይ ይወርዳል። በብሩሽና በአየር ፓምፕ አጽዳው። የውስጥ ግድግዳውን ወደ መስኮት አዙረህ እየው፦ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ብርሃን እያንጸባረቀ ምስሉን ያነጣዋል። ስስ ጥቁር ከፋይ ቆርጠህ ብትለጥፍበት ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። የሌንሱ ምልክት ወደ ጎን ዞሮ ከቆመ ደግሞ አንዳንድ አዳፕተሮች የውስጥ ቀለበታቸውን የያዙ ሦስት የጎን ብሎኖች አሏቸው፤ እነሱን አላልቶ ቀጥ ማድረግ ይቻላል።

ጥላ፦
የሶኒውን ጉዳይ እኔ ልመልስ። አዳፕተሩ የኤሌክትሪክ ግንኙነት ስለሌለው ካሜራው ሌንስ ያለ አይመስለውም። ሜኑ ውስጥ «ሪሊዝ ዊዝአውት ሌንስ» የሚለውን «ኢኔብል» አድርገው፣ ያነሳል። ቀጥለህ «ስቴዲሾት»ን (የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያርመውን) ወደ ማንዋል ቀይርና የፎካል ርዝመቱን ለሄሊዮሱ 58 ወይም ለዚያ የቀረበውን፣ ለኤፍዲው 50 ሙላ። ይህን አትዝለለው። ከሌላ ሌንስ የቀረ 200 እዚያ ካለ ካሜራው ከሚገባው በላይ ያርማል፤ ምስሉም በዚያው ይንቀጠቀጣል። ሞዱን ኤ ወይም ኤም ላይ አድርግ፤ አፐርቸሩ በቁጥር ፋንታ ሰረዝ ማሳየቱ ችግር አይደለም።

44-2 ሁለት የአፐርቸር ቀለበቶች አሉት። አንዱ ቁጥሩን ይይዛል፣ ሌላው ያለ ድምፅ ይከፍታል ይዘጋል። የምትፈልገውን፣ ለምሳሌ ኤፍ/4ን፣ በመጀመሪያው ያዝ፤ በሁለተኛው ሙሉ ከፍተህ ፎከስ አድርግ፤ ከዚያ እስኪቆም ዝጋውና አንሳ። ዓይንህን ከካሜራው ማንሳት አያስፈልግህም። በኤፍ/2 ሰው ስታነሳ ፒኪንጉን (የጠራውን ዳር በቀለም የሚያሰምረውን) ብቻ አትመን። ቀዩ መስመር ቅንድብንም ጆሮንም አብሮ ያቀላል፤ አጉልተህ የዓይን ሽፋሽፍቱ ላይ ጨርስ። ያ የሚሽከረከር የሚመስለው የጀርባ ቅጠል የሚወጣው እንደ ሶኒህ ባለ ፉል ፍሬም (ሴንሰሩ የ35 ሚ.ሜ ፊልም ያህል በሆነ ካሜራ) ላይ፣ ሰውየው ሁለት ሜትር ገደማ ላይ ቆሞ ዛፉ ከኋላው ራቅ ሲል ነው። 700ዲ ዳሩን ስለሚቆርጠው እዚያ አትጠብቀው።

ኤፍዲው ላይ የአፐርቸር ቀለበቱን ከ«ኤ» አውጣው። አዳፕተሩ ላይ ያለው መዝጊያ «ኦፕን» ላይ ከቆመ ሌንሱን ኤፍ/8 ብትለውም ቢላዎቹ አይዘጉም፤ ሰው ሌንሱ ተበላሸ የሚለው እዚህ ጋ ነው። «ሎክ» ላይ አድርገውና ከፊት በኩል እያየህ አረጋግጥ።

የብርሃን ልክ፦
ሄሊዮሱን 700ዲ ላይ ስትጠቀም በቪውፋይንደሩ ፎከስ አታድርግ። እዚያ ውስጥ ያለው የፋብሪካው የፎከስ መስታወት በኤፍ/2 የሚጠራውን ስስ ክልል አያሳይም፤ ከእውነቱ የወፈረ ያስመስለዋል። ላይቭ ቪው ላይ (ምስሉን በስክሪኑ በቀጥታ እያየህ) 10 ጊዜ አጉላ። ብርሃኑንም እዚያው ለካ፤ ሌንሱ ሲዘጋ የቪውፋይንደሩ ልኬት ይሳሳታል። ወደፊት ፉል ፍሬም ካኖን ዲኤስኤልአር ላይ ልትሞክረው ካሰብክ መጀመሪያ ላይቭ ቪው ላይ ብቻ ተጠቀም። ኤም42 ሌንሶች መካከል ኢንፊኒቲ ላይ ኋላቸው በካሜራው ውስጥ ከሚንቀሳቀሰው መስታወት የሚጋጭ አሉ፤ ላይቭ ቪው ውስጥ መስታወቱ ተነስቶ ስለሚቆይ አይነካም።