ሁለተኛ ሰርቨር ከጨመርን ወዲህ ደንበኛው ሎግኢን አድርጎ ሳለ ያስወጣዋል

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለአንድ ልብስ ሻጭ በላራቬል (የፒኤችፒ ሳይት መሥሪያ ፍሬምወርክ) የሠራሁት ሳይት አለ። በአንድ ሰርቨር ላይ ያለ ችግር ይሠራ ነበር። በዓል ሲደርስ ሰው ስለሚበዛ ሁለተኛ ሰርቨር ጨመርን። ከፊት ኤንጂንኤክስ የሚባለውን ሶፍትዌር አስቀምጬ የሚመጣውን ጥያቄ ለሁለቱ እንዲያካፍል አደረግኩ። ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ሎግኢን ያደርጋል፣ ጫማ ቅርጫት ውስጥ ይከታል፣ «ክፈል» ሲል ሎግኢን ገጽ ላይ ይጥለዋል። ሪፍሬሽ ሲያደርግ ደግሞ ገብቶ ያገኘዋል! ኮዱን አንድ መስመር አልነካሁም። ባለሱቁ በስልክ ሊገድለኝ ነው።

የሌሊት ኮደር፦
አይዞሽ እህቴ፣ ኮድሽ ጤነኛ ነው። የሴሽን ድራይቨርሽ፣ ማለትም ማን ሎግኢን እንዳደረገ የሚያስታውሰው መዝገብ (ሴሽኑ) የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ሴቲንግ፣ «ፋይል» ነው አይደል? እንደዚያ ከሆነ እያንዳንዱ ሰርቨር የሚያየው የራሱን ዲስክ ብቻ ነው። ስቶሬጅ ውስጥ ያለውን የሴሽን ፎልደር በሁለቱም ላይ ክፈቺና አስተያዪ፤ አንዱ ጋ ያለው ፋይል ሌላው ጋ የለም። ኤንጂንኤክስ ደግሞ ሌላ ካልነገርሽው በየተራ ነው የሚያድለው። ማረጋገጥ ከፈለግሽ የሰርቨሩን ስም ገጹ ግርጌ ላይ አሳዪና ሪፍሬሽ እያደረግሽ ተመልከቺ። ለዛሬ ማታ ማስታገሻ ከፈለግሽ ኤንጂንኤክስ ላይ አይፒ ሃሽ ጨምሪ፤ ከአንድ አይፒ የሚመጣውን ሁልጊዜ ወደ አንድ ሰርቨር ይልካል። አንድ መስመር ናት።

ሰርቨር ጠባቂ፦
ለማስታገሻ ይሁን፣ ግን እዚያው እንዳትተዪው። አይፒ ሃሽ ሰርቨር የሚመርጠው በአይፒው (በአይፒቪ4) በነጥብ ከተለዩት አራት ቁጥሮች በመጀመሪያዎቹ ሦስት ነው። በሞባይል ዳታ የሚገባ ብዙ ሰው በጋራ አይፒ ስለሚወጣ አንዱ ሰርቨር ሲጨናነቅ ሌላው ሥራ ፈቶ ይቀመጣል። ሰውየው ከዋይፋይ ወደ ዳታ ሲቀይርም አይፒው ይለወጥና ያው ችግር ይመለሳል። ሰርቨሩ ከወደቀማ እሱ ላይ የነበሩት ሁሉ ይወጣሉ።

ሴሽኑን ሁለቱም ሰርቨሮች የሚያዩት አንድ ቦታ አስቀምጪው። ሬዲስ (ዳታን ሚሞሪ ላይ የሚይዝ ፈጣን ማከማቻ) ጫኚ፣ በሁለቱም ሰርቨር ኢኤንቪ ፋይል (የሳይቱ ሴቲንግ ያለበት) ላይ የሴሽን ድራይቨሩን «ሬዲስ» አድርጊ፣ የሬዲሱን የውስጥ አይፒ ስጪ፣ የኮንፊግ ካሹን (ተይዞ የቀረውን የድሮ ሴቲንግ) አጽጂ። ከዚያ ጥያቄው የትኛውም ሰርቨር ላይ ቢወድቅ ሰርቨሩ በኩኪው (ብራውዘሩ በሚይዘው ትንሽ መረጃ) ያለውን የሴሽን መለያ ይዞ ሬዲስን ይጠይቃል። ካለ ገብቷል፣ ከሌለ ወጥቷል።

ቶክን ወዳጅ፦
ይሄ ሁሉ ከሚሆን ጄደብልዩቲ (የሰውየውን ማንነት ራሱ የሚይዝ የተፈረመ ቶክን) አይሻልም? ሰርቨሩ ፊርማውን ብቻ ያያል፣ የሚቀመጥ ነገር የለም።

ሰርቨር ጠባቂ፦
ወንድሜ፣ ስልኩ የተሰረቀበት ሰው «አስወጡልኝ» ቢልህ ምን ታደርጋለህ? ቶክኑ ጊዜው እስኪያልፍ ይሠራል። የታገዱትን መዝገብ ልያዝ ካልክ ደግሞ ዞረህ ዞረህ ሬዲስ ጋ መጣህ። በሬዲስ ሴሽኑን ሰረዝክ፣ በሁለቱም ሰርቨር ወዲያው አበቃ። ለሱቅ ሳይት ይሄ ነው የሚያዋጣው።

ጀማሪዋ፦
ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ቀየርኩት። ሬዲስ ውስጥ ሴሽኖቹ ሲገቡ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን አሁንም ያስወጣል! አንደኛው ሰርቨር ላይ ጥሩ ነው፣ ሁለተኛው ላይ ስደርስ እንግዳ ነኝ።

የሌሊት ኮደር፦
ሁለተኛውን ሰርቨር ስታዘጋጂ አዲስ አፕ ኪ (ሳይቱ የሚያመሰጥርበት ቁልፍ) አመንጭተሻል?

ጀማሪዋ፦
አዎ፣ መመሪያው ላይ ያለውን ትእዛዝ በሙሉ ነው የሠራሁት።

የሌሊት ኮደር፦
በቃ፣ ያዝነው። ላራቬል ኩኪውን የሚያመሰጥረው በዚያ ቁልፍ ነው። የአንደኛውን ኩኪ ሁለተኛው መፍታት ስለማይችል እንደሌለ ይቆጥረዋል፤ ሬዲስ ጋ እንኳ አይደርስም። የአንደኛውን ቁልፍ ወደ ሁለተኛው ገልብጪ። አደራ፣ በተቃራኒው እንዳይሆን፤ በአሮጌው ቁልፍ አመስጥረሽ ዳታቤዝ ያስገባሽው ነገር ካለ አይፈታልሽም። የአፕ ስሙም በሁለቱ ላይ አንድ ይሁን፤ የኩኪው ስም ከእሱ ነው የሚወጣው።

ጀማሪዋ፦
ሠራ!! 20 ጊዜ ሪፍሬሽ አደረግኩ፣ ግርጌው ላይ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት እያለ ቅርጫቴ ውስጥ ጫማዬ አለ። እግዜር ይስጥልኝ።

ሰርቨር ጠባቂ፦
ከመተኛትሽ በፊት ፋየርዎሉን እዪ። የሬዲስ ፖርት 6379 ከሁለቱ ሰርቨሮች በቀር ለማንም ክፍት አይሁን፣ ፓስወርድም አድርጊለት። ካሽሽንም (ለፍጥነት ለጊዜው የሚያዘውን ዳታ) እዚያው ሬዲስ ላይ ካደረግሽው፣ ሚሞሪ ሲሞላ ያገኘውን ሁሉ እንዲጥል አታዢው። ካሽ መስሎት የደንበኛ ሴሽን ይጥልና ነገ «ያስወጣኛል» ብለሽ ትመለሻለሽ።