ሞክሼ ሆሄያትን ላዋሕድ ወይስ ልተዋቸው?

ድሬዳዋ የምኖር የኮምፒውተር ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴ የአማርኛ ዜናዎችን በየዘርፋቸው የሚለይ ሞዴል ነው። አማካሪዬ «ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን አንድ አድርጋቸው» ይሉኛል። አንድ ሳደርጋቸው ግን የሰረቀው ሌባና የሠረቀችው ጨረቃ አንድ ቃል ሆነው ያርፋሉ። (ጸሐፊዎቻችንም ሥርዓቱን እንደማይጠብቁ አይጠፋኝም።)

አራት ነጥቡማ ሦስት ሌሊት ፈጅቶብኛል፤ የከዚራ ሰፈር ሙቀት ላፕቶፔን ስለሚያግለው ቀን አልሠራም። ግማሹ ሰው «።» ሲጽፍ ግማሹ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ጽፎ «፡፡» ያደርጋል፤ ለዓይን አንድ፣ ለኮምፒውተር የተለያዩ ናቸው። እርሱን አስተካክያለሁ።

ሆሄያቱ ላይ ግን ቆሜ ቀረሁ። በዚህ ያለፋችሁ፣ ሁለቱንም ውጤት ጎን ለጎን ባቀርብ ፈታኞች ይቀበሉኛል? ወይስ ትርጉም የሚለውጡትን ቃላት ብቻ ለይቼ ልተው? ረቂቁን ከፋሲካ በፊት አስረክባለሁ።