የዘር ማሽኑ ፕሮፖዛል፣ ረቂቅ 2፦ እስከ ሐሙስ አስተያየት ስጡበት

ጸሐፊ፦
ረቂቅ 2 ይኸው። ብድር ለሚሰጠን ለዩኒየኑ (የገበሬ ማኅበራት ኅብረት) ሐሙስ ነው የምናስገባው፣ ካለፈ የዘንድሮ ብድር የለም። ሀሳቡ ያው ነው፣ በቆሎውን ዝናቡ ሳይገባ በደረቁ እንዘራለን፣ ለዛ ማሽኑ ይጠገን። የምንጠይቀው የግራው ጫፍ መስመር ካቴና (ሰንሰለት) እና ፒኞን (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ጥርስ)፣ ሁለት ኩሽኔታ (የዘንግ መሽከርከሪያ)፣ አራት የዘር ሳህን (ፍሬ እየቆጠረ የሚጥለው ባለ ቀዳዳ ክብ)፣ ለ62 ሄክታር የሚሆን ናፍጣ። ተራ በዕጣ፣ 14 ማሳ። አንቀጽ 6 ላይ ማሽኑ ከማሳ ማሳ ሲሻገር ታጥቦ ይተላለፍ የሚል ጨምሬያለሁ፣ ስብሰባው ላይ ስለተነሳ።

ትራክተር ነጂ፦
የካቴናውን ነገር ዘርዝራችሁ ጻፉት፣ ጥገና ብቻ ካላችሁ አይገባቸውም። ማሽኑን በክሪክ አንስቼ ጎማውን 20 ዙር አዞርኩት፣ የጎማው ዙሪያ 1.5 ሜትር ስለሆነ 30 ሜትር ሄደ ማለት ነው፣ በየ25 ሳንቲሜትሩ አንድ ፍሬ ሲባል ከየመስመሩ 120 ፍሬ መውረድ አለበት። ሦስቱ መስመሮች 118፣ 121፣ 119 ጣሉ። ግራው 84! ካቴናው ተለጥጦ ጥርስ እየዘለለ ነው። በሄክታር 53 ሺህ ተክል መቆም ሲገባው በዛ መስመር ልክ ከሄድን 37 ሺህ ነው፣ እሱም ሁሉም ፍሬ ከበቀለና ጎማው ደረቅ ጓል ላይ ካልተንሸራተተ።

ወጣቱ፦
የድሮውን ካቴና ፈታችሁ ስጡኝ፣ ናሙናውን ይዤ ነገ መለዋወጫ ቤቶቹን አዳርሳለሁ። ዋጋውን ለጸሐፊዋ እልካለሁ።

የላይ ማሳ፦
አንቀጽ 6 ይውጣ። ውሃ ከየት አምጥተን ነው 14 ጊዜ ማሽን የምናጥበው? ከብቱ የሚጠጣው አጥቶ እየተንከራተተ ነው እኮ።

ሒሳብ ያዥ፦
እኔም እዚህ ላይ ከላይ ማሳ ጋር ነኝ። ማሽኑ ባለ 4 መስመር ነው፣ በመስመርና በመስመር መሀል 75 ሳንቲሜትር ስለሆነ 3 ሜትር ይይዛል፣ በሰዓት 5 ኪሎሜትር ቢሄድ በወረቀት 1.5 ሄክታር ነው፣ መዞሪያውና ዘር መሙያው ሲቀነስ ግን 0.9 ብትሉት ጥሩ ነው። በ8 ሰዓት 7 ሄክታር ገደማ፣ 62 ሄክታር ወደ 9 ቀን ይፈጃል። አንድ ማጠብ ግማሽ ቀን ከበላ በ14 ማሳ ሌላ 7 ቀን ጨመራችሁ። በደረቁ እንዝራ ያልነው ቀን ለማትረፍ መስሎኝ።

ወንዝ ዳር፦
አንቀጽ 6ን ያስነሳሁት እኔ ነኝ፣ አይወጣም። አቀንጭራ የሚባለው አረም የሚሻገረው በአፈር ነው፣ ዘሩ እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው፣ በዓይን ለማየት ያስቸግራል፣ አንዲት ተክል በአስር ሺዎች ዘር ትረግፋለች፣ መሬት ውስጥ ደግሞ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። ማሽኑ አፈር እንደያዘ የኔ ማሳ ውስጥ ከገባ ልጆቼ ናቸው ሲነቅሉ የሚኖሩት። መዋጮ የከፈልኩት ማሽን እንዲዘራልኝ ነው፣ አረም እንዲያመጣልኝ አይደለም።

የላይ ማሳ፦
ይሄ ነገር ለኔ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ማሳዬ አቀንጭራ አለበት ነው የምትይው? ፊት ለፊት ተናገሪው።

ወንዝ ዳር፦
ማንም ስም አልጠራም። ግን ዕጣ ቢወጣና ካንተ ቀጥሎ እኔ ብሆን ማሽኑን ሳይጸዳ አልቀበልም፣ ብትፈልግ ጻፈው።

የላይ ማሳ፦
እንግዲያው ማሽኑን ከመጀመሪያ ለመግዛት ስንለፋ የት ነበርሽ? የመጀመሪያውን ቅድመ ክፍያ እነማን እንዳዋጡ መዝገብ ላይ አለ። ዛሬ እኛ በሽተኛ ሆንን። ዕጣው ይቅርና እኔ መጨረሻ ልሁን፣ ከናንተ ሁሉ በኋላ ይምጣልኝ፣ ያኔ ዝናቡ ገብቶ ማሽኑ ጭቃ ሲይዘው ኪሳራዬን ማኅበሩ ይከፍለኛል።

ጸሐፊ፦
እባካችሁ ወደ ፕሮፖዛሉ። ወጣቱ፣ ዋጋ አገኘህ?

ነባር አባል፦
ልጆች፣ አቀንጭራ የላይ ማሳ ብቻ አይደለም ያለው። በታችኛውም ነበረ፣ ማሽላ በማሽላ ላይ እየደጋገምን የዘራን ጊዜ ነው የተስፋፋው፣ ያኔ ማሽንም አልነበረም፣ ጎርፍና ከብት ነው ያሰራጨው። ሐምራዊ አበባዋን ካያችሁ ጉዳቱን ጨርሳለች፣ ከመሬት ሳትወጣ ነው ሥሩን የምትመጠው። ስለዚህ አንተም የስድብ አታድርገው አንቺም ንጹሕ ነኝ አትበይ። ሁላችንም አለብን፣ የሚለያየው መጠኑ ነው።

የላይ ማሳ፦
ጋሼ እርሶ ሲሉት ሌላ ነው። እኔን ያናደደኝ አባባሉ ነው።

መካኒኩ፦
አንድ ነገር ልንገራችሁና ብትፈልጉ ስሙ። ማሽኑን በውሃ ግፊት ካጠባችሁት ግሪሱ ከኩሽኔታው ውስጥ ይወጣል፣ ውሃ ይገባል፣ ይዝጋል፣ የምትለምኑትን ሁለት ኩሽኔታ በሚቀጥለው ዓመት አራት አድርጋችሁ ትለምናላችሁ። የዘር ሳጥኑ እርጥብ ሆኖ ዘር ከሞላችሁበት ደግሞ ዘሩ የተለወሰበት መድኃኒት ከፍሬው ላይ እየለቀቀ ሳህኑ ላይ ይለጠፋል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ሳይዘራ የሚታለፍ መሬት ይበዛል፣ ያንንም ከበቀለ በኋላ ነው የምታዩት። አሁን አፈሩ ደረቅ ነው። መፋቂያና የሽቦ ብሩሽ ይዛችሁ መቅደጃውን፣ ጎማውንና አፈር መመለሻውን ጥረጉት፣ ሳጥኑን ገልብጣችሁ አራግፉት። ለሁለት ሰው ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

ሒሳብ ያዥ፦
ጥሩ! አለቀ በቃ። አንቀጽ 6 በብሩሽ ይጸዳል ተብሎ ይስተካከል።

ወንዝ ዳር፦
ዝናብ በመሀል ከጣለስ? ጭቃ በብሩሽ አይለቅም። 9 ቀን ሙሉ አይዘንብም ብሎ የሚፈርም አለ?

መካኒኩ፦
ያኔ ውሃ ያስፈልጋል፣ እውነት ነው፣ በቀስታ በሚፈስ ውሃ፣ ከዛ ማድረቅና ግሪስ እንደገና መሙላት።

ወንዝ ዳር፦
ስለዚህ ውሃ በፕሮፖዛሉ ይካተት። በጋሪ የሚጎተት ታንከርና ትንሽ ፓምፕ።

የላይ ማሳ፦
ታንከር ከሆነ እስማማለሁ። ከዘር በኋላ ለከብትም ለመድኃኒት መርጫም ይሆናል። ግን የሚቆመው ላይኛው ሜዳ ነው፣ ታች ከቆመ ሽቅብ ማን ይጎትተዋል።

ሒሳብ ያዥ፦
ልብ በሉ፣ የብድሩ ጣሪያ የታወቀ ነው። ታንከር ከገባ የሆነ ነገር ይወጣል።

ነባር አባል፦
ታንከር ካላችሁ እኔም ልጨምር። አቀንጭራ የበዛበት ላይ በቆሎ ከምትዘሩ አኩሪ አተር ዝሩበት። የአቀንጭራውን ዘር ቀስቅሶ ያበቅለዋል፣ የሚጣበቅበት ሥር ግን አይሆነውም፣ በዛው ይሞታል። አንድ ዓመት አይጨርሰውም ግን ይቀንሰዋል። ለዚህም ዘር ይጠየቅ።

ትራክተር ነጂ፦
አኩሪ አተር ሌላ ሳህን ይፈልጋል፣ የበቆሎው ቀዳዳ አይሆነውም። ካቴናውስ? ወጣቱ ናሙናውን ከወሰደ ወዲህ ድምፁ የለም፣ ስልኩም ዝግ ነው። ድሮውንም አዲሱንም አጣን እኮ!

ጸሐፊ፦
እኔም ደውዬ አጣሁት። ዋጋ የሌለው ዕቃ ሠንጠረዡ ላይ ላስገባ አልችልም፣ ፎርሙ ፕሮፎርማ (የሻጭ ዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት) ይላል። የታንከሩን ግን ወንዝ ዳር ሁለት ፕሮፎርማ አምጥታለች።

መካኒኩ፦
ሊዘራ ነው ወይስ ሊታጠብ ነው የምትበደሩት? ካቴና ከሌለ የሚጸዳም ማሽን የለም።

ወንዝ ዳር፦
ሥራውን የሠራ ሰው ነው ወረቀቱን ያመጣው። ካቴናውን እኔ ይዤ አልጠፋሁም።

ሒሳብ ያዥ፦
መጨቃጨቁ ይቅር። ካቴናው ከዕቃዎቹ ሁሉ ርካሹ ነው፣ ከማኅበሩ የገንዘብ ሣጥን ልንገዛው እንችላለን፣ ትልቁን ከብድሩ። ሦስት ፊርማ ያስፈልገኛል።

የላይ ማሳ፦
እፈርማለሁ። ዕጣው ግን ይውጣ፣ መጨረሻ ልሁን ያልኩት በንዴት ነው።

ጸሐፊ፦
ረቂቅ 4 ገብቷል፣ ሐሙስ ከሰዓት። በውስጡ ታንከር፣ ፓምፕ፣ የአኩሪ አተር ዘርና ሳህን፣ ናፍጣ በግማሽ። ኩሽኔታ ተካቷል። ካቴና፣ ፒኞንና የበቆሎው ሳህን ወጥተዋል፣ ከሣጥን ይገዛሉ ተብሎ። ርዕሱንም አስተካክዬዋለሁ፣ ከተጠየቀው ዕቃ ጋር ስላልሄደ አረም መከላከልና ወቅታዊ ዘር ብየዋለሁ። ለሣጥኑ እስካሁን አንድ ፊርማ ነው ያለው።

ትራክተር ነጂ፦
እኔ ፊርማ አልጠብቅም። የግራውን ጫፍ ዘግቼ በ3 መስመር እሄዳለሁ፣ በአንድ ጉዞ 2.25 ሜትር ነው፣ የሚቀጥለውን ጉዞ መስመር የሚያሰምረውን ምልክት ማድረጊያ ክንድ አሳጥሬ በዛው ልክ አስተካክየዋለሁ። 9 ቀን የተባለው ወደ 12 ይጠጋል። ጥልቀቱን 6 ሳንቲም አድርጌዋለሁ፣ በትንሽ ካፊያ በቅሎ እንዳይደርቅብን፣ 20 ሚሊሜትር አካባቢ ዘንቦ አፈሩ ሲርስ ብቻ እንዲነሳ። ዘሩም ማዳበሪያውም አንድ ላይ እንዳይወርድ የማዳበሪያውን ቱቦ በአራት ጣት አርቄዋለሁ፣ ከተነካካ ያቃጥለዋል። ከኋላ እየተከተለ ቱቦው መደፈኑን የሚያይ አንድ ሰውና ዘር የሚሞላ አንድ ሰው ጓንት ይዘው ይምጡ። ዕጣ ስላልወጣ ከጋሼ ማሳ እጀምራለሁ፣ ለመንገዱ ቅርብ ነው።

የላይ ማሳ፦
በማን ውሳኔ?

ነባር አባል፦
ከኔ አትጀምሩ፣ ነገር አልፈልግም። ከወንዝ ዳርና ከላይ ማሳ የቀደመ ይጀመርለት፣ ዘር ያዘጋጀ ካለ።

ወንዝ ዳር፦
ዘሬ ዝግጁ ነው፣ 100 ፍሬ አብቅዬ 91 ወጥቷል። ብሩሽም አለኝ። ነገ 12 ሰዓት ጠዋት ይምጣ።

የላይ ማሳ፦
እኔ ዘሩን ገና ከዩኒየኑ አላነሳሁም። በሷ ይጀመር፣ ቀጥሎ ግን እኔ ነኝ፣ ይሄ ይመዝገብ። ከኋላ የሚከተል ሰው ካጣችሁ ልጄን እልካለሁ፣ ጓንት ግን የለውም።