በቤዝቦል ፒቸሩ (ኳስ ወርዋሪው) 6.2 ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ሲወረውር ኢአርኤ (በ9 ኢኒንግ የሚመዘገብበት አማካይ ኧርንድ ራን) እንዴት ይሰላል?

ጥያቄ፦ ፒቸሩ በዓመቱ የመጀመሪያ ጨዋታው 6.2 ኢኒንግ ወርውሮ 3 ኧርንድ ራን (በተከላካይ ስህተት ያልመጣ ራን፣ ማለትም ጎል) ተመዝግቦበታል። 3 በ9 አባዝቼ ለ6.2 ሳካፍል 4.35 ይመጣል፤ መዝገቡ ግን 4.05 ይላል። ልዩነቱ ከየት መጣ?

መልስ 1፦ 6.2 ውስጥ ያለችው ነጥብ የአስርዮሽ ነጥብ አይደለችም። አንድ ኢኒንግ 3 አውት (ከጨዋታ የሚወጣ መቺ ወይም ሯጭ) ስላለው .1 አንድ ሦስተኛ፣ .2 ሁለት ሦስተኛ ነው። በአውት ማስላት ይሻላል፦ 6.2 ማለት 20 አውት፣ 9 ኢኒንግ ደግሞ 27 አውት ነው፤ 3 × 27 ÷ 20 = 4.05።

መልስ 2፦ ትክክል። ራኖቹንም በጥንቃቄ ቁጠር። ፒቸሩ ሲቀየር ቤዝ (የሯጮች ማረፊያ) ላይ የተዋቸው ሯጮች በኋላ ቢያስቆጥሩ፣ ራኑ የሚጻፈው በእሱ ላይ እንጂ በተተኪው ላይ አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ተከላካይ ባይሳሳት ኖሮ የማይገባ ራን ደግሞ ኢአርኤ ውስጥ አይገባም።

ጠያቂ፦ ገባኝ፣ በአውት አሰላዋለሁ። አመሰግናለሁ።